ምዕራፍ ስድስት፦ መለኪያው የማያሳየው ቮልቴጅ

ከአያት ተነሥቶ አዲስ አበባን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የከተማ ባቡር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ የሚቀበለው 750 ቮልት ዲሲ ነው። ያን ሁሉ ተሳፋሪ ጭኖ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ስለሆነ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲባል የሰፈሩ ሰው ዓይን ቀድሞ ወደ ሽቦው ቢሄድ አይገርምም። ሆኖም በቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ በመጠኑ ከማይክሮዌቭ ምድጃ ብዙም የማይበልጥ አንድ የአማተር ሬዲዮ አምፕሊፋየር በሆዱ 3,000 ቮልት ይይዛል። የባቡሩን አራት እጥፍ ማለት ነው።

ምዕራፉ የሚነሣው ከዚህ 3,000 ቮልት ነው። ትኩረቱ ግን ከእሱ የሚወለደው፣ በመሣሪያው ፊት ላይ ባለው መለኪያ የማይታየው ሌላው ቮልቴጅ ላይ ነው። ይህን ሁለተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረው ሬዞናንስ ይባላል። አምፕሊፋየሮችን በብልጭታ የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ቶሎ ያበላሻል፤ ምክንያቱ የከተማዋ ከፍታ ነው።

ቫልቩና ሥራው

አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለትርፍ ሳያስቡ፣ ለዕውቀትና ለወዳጅነት ብለው በሬዲዮ ሞገድ ከዓለም ጋር የሚገናኙበት ሙያ መሰል ፍቅር ነው። ለኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተመደቡት የጥሪ ምልክቶች በኢቲ፣ በ9ኢ ወይም በ9ኤፍ ይጀምራሉ። በአምስት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በሚል ጥሪ ይታወቃል። ከአገራችን የሚነሣ የአማተር ድምፅ በአየር ላይ ብዙ ስለማይገኝ፣ ብቅ ሲል የውጭ አገር አማተሮች ይሻሙበታል።

የተለመደ የአማተር ሬዲዮ የሚያወጣው ኃይል 100 ዋት ነው። ይህን ከ1,000 ዋት በላይ ለማድረስ አምፕሊፋየር ይጨመራል። ዛሬ በትራንዚስተር የሚሠሩ አሉ፤ እነሱ የሚጠቀሙት 50 ቮልት አካባቢ ነው። የቀድሞዎቹና አሁንም የብዙዎች ምርጫ የሆኑት ግን የቫልቭ አምፕሊፋየሮች ናቸው። ሂዝኪት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው ይሸጠው የነበረው ኤስቢ-220 በዚህ ዓለም ዝነኛ ነው። ሁለት 3-500ዜድ የተባሉ ቫልቮች አሉት፤ ለድምፅ ሥርጭት ሲዘጋጅ ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ይሰጣቸዋል።

ቫልቩ አየሩ የወጣለት ብርጭቆ ነው። በመሐሉ ያለው ክር እስኪግም ሲግል ኤሌክትሮኖች ይለቃል። ዙሪያውን የከበበው አኖድ 3,000 ቮልት ተሸክሞ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። በመካከል የቆመው ግሪድ እንደ ምልክቱ አንዴ ያሳልፋቸዋል፣ አንዴ ያግዳቸዋል። ለዚህ ምዕራፍ ስሌት አኖዱ በአማካይ 0.67 አምፔር ይወስዳል እንበል። 3,000 በ0.67 ሲባዛ ወደ 2,000 ዋት ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 1,250 ዋት ያህሉ ሬዲዮ ሞገድ ሆኖ ወደ አንቴና ይሄዳል፤ ቀሪው 750 ዋት ሙቀት ነው።

የምት መገጣጠም

ከቦኖ ውኃ በባልዲ ቀድቶ የተሸከመ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። እርምጃው ከውኃው የመወዛወዝ ምት ጋር ከገጠመ፣ ሳይቸኩል እየሄደ እንኳ ውኃው ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ እግሩን ያረጥበዋል። እርምጃውን ጥቂት ቢያፈጥን ወይም ቢያዘገይ ይረጋል። እያንዳንዱ እርምጃ የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ነው፤ በሰዓቱ ስለሚደርስ ግን ከፊተኛው ላይ ይደመራል። ሬዞናንስ ይኸው ነው።

በአምፕሊፋየር ውስጥ የሚወዛወዘው ኤሌክትሪክ ነው። ካፓሲተር ኃይልን በኤሌክትሪክ መስክ ያስቀምጣል፤ ኮይል በማግኔት መስክ ያስቀምጣል። ሁለቱ ሲያያዙ ኃይሉን እየተቀባበሉ ይወዛወዛሉ፤ የመቀባበያው ፍጥነት በመጠናቸው ይወሰናል። አማተሩ የፊት ለፊቱን ቁልፍ ሲያዞር የካፓሲተሩን ሳህኖች እርስ በርስ እያስገባና እያስወጣ ይህን ምት ከሞገዱ ምት ጋር ያገጥመዋል። በ14 ሜጋኸርዝ ላይ ውዝዋዜው በሴኮንድ 14 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል።

አሁን ቁጥሩን እንከተል። ምልክቱ ሲገባ የአኖዱ ቮልቴጅ ከ3,000 ተነሥቶ 2,500 ወደ ላይ፣ 2,500 ወደ ታች ይዋዥቃል። ከ500 እስከ 5,500 ቮልት ይመላለሳል ማለት ነው። መለኪያው ግን አማካዩን ስለሚያነብ 3,000 ላይ ተተክሎ ይቀራል። ባለቤቱ 3,000 እያየ ይሠራል፤ ቫልቩና በዙሪያው ያለው አየር ደግሞ በየሴኮንዱ 14 ሚሊዮን ጊዜ 5,500ን ይቀምሳሉ።

ኮረንቲውም እንዲሁ ነው። ከኃይል ማቅረቢያው የሚወጣው 0.67 አምፔር ብቻ ነው። በማስተካከያው ካፓሲተርና በኮይሉ መካከል የሚመላለሰው ግን 8.5 አምፔር ይደርሳል። መሐንዲሶች ኪው የሚሉት ቁጥር ይህን ይለካል፦ ከሚወጣው ይልቅ ውስጥ ለውስጥ የሚመላለሰው ምን ያህል እንደሚበልጥ። በአምፕሊፋየር ውስጥ 12 አካባቢ እንዲሆን ይመረጣል። ከዚያ ካነሰ ያልተፈለጉ ሞገዶች አብረው ያመልጣሉ፤ እጅግ ከበዛ ኮይሉ በከንቱ ይግላል። የአምፕሊፋየር ኮይል ከቀጭን ሽቦ ይልቅ በመዳብ ቱቦ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

ከ12 ቮልት ባትሪ 4,700 ቮልት

ሬዞናንስ ቮልቴጅ ይወልዳል ሲባል የሚጠራጠር አንባቢ ይኖራል። ለእሱ ቫልቭም ትራንስፎርመርም የሌለበት ምሳሌ እነሆ። አንድ አማተር በመኪናው ላይ አጭር አንቴና ተክሎ በ3.6 ሜጋኸርዝ ያወራል እንበል። ሬዲዮው የሚሠራው በመኪናው ባትሪ ነው፤ ኃይሉ 100 ዋት ነው። አንቴናው ለዚህ ሞገድ በጣም ስለሚያጥር፣ ከሥሩ ወይም ከወገቡ ላይ ማካካሻ ኮይል ይገባለታል።

የኮይሉ እንቅፋት 1,500 ኦም፣ የጠቅላላው መሥመር እውነተኛ ሬዚስታንስ 20 ኦም ይሁን። 100 ዋት በ20 ኦም ላይ 2.24 አምፔር ይነዳል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው 45 ቮልት ብቻ ነው። ያ 2.24 አምፔር ግን በኮይሉ ውስጥም ያልፋል። 2.24 በ1,500 ሲባዛ 3,350 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ጫፉ ሲለካ ደግሞ ከ4,700 ይበልጣል። የገባው 45 በ75 ተባዝቶ ወጣ። የኃይል ሕግ አልተጣሰም፤ ከ100 ዋቱ አንድም አልጨመረም። የጨመረው በምቱ ምክንያት በኮይሉና በአንቴናው መካከል ተከማችቶ የሚመላለሰው ነው። እንዲህ ያለውን አንቴና ሬዲዮው በሚያወራበት ቅጽበት የነካ ሰው ቆዳው ይቃጠላል።

አየሩ የሚችለው

ቮልቴጅ ከፍ ሲል ትልቁ ጥያቄ፣ በሁለት ብረቶች መካከል ያለው አየር ምን ያህል ይችላል የሚለው ነው። ፍሪድሪኽ ፓሸን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1889 እ.ኤ.አ. ይህን መርምሮ፣ ብልጭታ የሚዘልበት ቮልቴጅ በሁለት ነገሮች ብዜት እንደሚወሰን አሳየ፦ በአየሩ ግፊትና በብረቶቹ ርቀት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአየር ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ነፃ ኤሌክትሮኖች አሉ። ቮልቴጁ ይጎትታቸዋል፤ እየፈጠኑ ይሄዱና ከአየር ሞለኪውል ጋር ይጋጫሉ። ከግጭቱ በፊት በቂ ፍጥነት ካገኙ ከሞለኪውሉ ሌላ ኤሌክትሮን ያስወጣሉ፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ናዳው ይወርዳል። አየሩ ጥቅጥቅ ሲል ኤሌክትሮኑ ብዙም ሳይሮጥ ስለሚጋጭ ጉልበት አያጠራቅምም። አየሩ ሲሳሳ የሩጫ ሜዳ ያገኛል፤ በትንሽ ቮልቴጅ ናዳውን ይጀምራል። ስስ አየር ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያግዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በተራራ ላይ ያለው እውነት የዚህ ተቃራኒ ነው።

አየሩ ከዚህም አልፎ ሊጠፋ ሲቃረብ ነገሩ ይገለበጣል። ኤሌክትሮኑ የሚጋጨው ሞለኪውል አጥቶ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ያለ ግጭት ይሻገራል፤ ናዳ አይኖርም። በቫልቩ ውስጥ ያለው ባዶነት ብረቶቹ ተቀራርበው እንኳ ሺህ ቮልቶችን የሚችለው በዚህ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ሕግ የብርጭቆውን ውስጥ ይጠብቃል፣ የብርጭቆውን ውጭ ያጋልጣል።

የፓሸን ሕግ ሌላም ነገር ይገልጣል። በአየር ውስጥ ክፍተቱ የፈለገውን ያህል ቢጠብ፣ ከ327 ቮልት በታች ናዳው አይነሣም። የቤታችን 220 ቮልት ጫፉ ሲለካ 311 ነው፤ ከዚህ ወለል በታች መሆኑ ነው። ዕድሜያቸውን በ220 ቮልት ላይ የሠሩ ጠጋኞች፣ ኮረንቲ የሚይዘው የነካውን ብቻ ነው የሚል ልማድ በእጃቸው ያደረው ስለዚህ ነው። ይህ ልማድ አምፕሊፋየር ውስጥ አይሠራም። እዚያ ያለው ቮልቴጅ ሳይነኩትም ይዘላል።

በ2,400 ሜትር ላይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በተለመደው ክፍተት ላይ ብልጭታን የመቋቋም አቅሙም በግምት በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የዓለም አምራቾች ዕቃቸውን የሚሠሩት አብዛኛው ሰው ለሚኖርበት ከፍታ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የኢንሱሌሽን ደረጃ እስከ 2,000 ሜትር ያለውን እንደ መደበኛ ይወስዳል፤ 3,000 ሜትር ላይ የአየር ክፍተቱ በ1.14 እንዲባዛ ያዛል። መርካቶ ከሚሸጡት የቻይና አዳፕተሮች የአንዳንዶቹን ጀርባ የተመለከተ ሰው፣ 2,000 ሜትር የሚል ምልክት ታትሞበት ያገኛል። የእኛ ከተማ ከዚያ በላይ ናት።

ይህን ወደ አምፕሊፋየሩ እንመልሰው። የማስተካከያው ካፓሲተር በአየር የተለያዩ የብረት ሳህኖች ናቸው። ዲሲውን የሚያግድ ሌላ ካፓሲተር ከፊቱ ስለሚቆም፣ የሚያርፍበት የሬዲዮ ሞገዱ 2,500 ቮልት ጫፍ ብቻ ነው። ሠሪው 3,000 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ገዛ እንበል። ባሕር ጠረፍ ላይ 500 ቮልት ይተርፈዋል። ጦር ኃይሎች ላይ ያው ካፓሲተር የሚችለው ወደ 2,250 ይወርዳል፤ ከሚመጣበት በ250 ያንሳል። ዕቃው አልተበላሸም፣ ገጣጣሚውም አልተሳሳተም፤ ቁጥሩ የታተመበት ከፍታ ሌላ ነው። ሳህኖቹ ላይ አቧራ ካረፈ ወይም የአንዱ ጠርዝ ከሾለ የኤሌክትሪክ መስኩ እዚያ ይጠነክራል፤ የሚችለውም ይበልጥ ይቀንሳል።

የአንቴናው ገመድ ድንገት ቢላቀቅ ደግሞ ሊወጣ የነበረው ኃይል መውጫ ያጣል። ውዝዋዜው ያድጋል፣ የግሪዱ ኮረንቲ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ የ2,500ው ጫፍ ወደ 3,000 ይገፋል። ብልጭታው አንዴ ከዘለለ በሳህኑ ላይ የቀለጠ ጉድፍ ጥሎ ይሄዳል፤ ቀጣዩም ከዚያው ቦታ ይነሣል።

ያልተጠበቁ ቦታዎች

ሬዞናንስ ሆን ተብሎ በተሠራለት ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ማንኛውም ጥቅልል ሽቦ በዙሮቹ መካከል ትንሽ ካፓሲተር ስላለው የራሱ ምት አለው። ዲሲውን ወደ አኖዱ የሚያሳልፈው ቾክ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሥራው ሞገዱን ማገድ ነበር፤ አንደኛው ምቱ አማተሩ ከሚጠቀምበት ባንድ ጋር ከገጠመ ግን ቮልቴጁ በወገቡ ላይ ይከመርና ሽቦው ተቃጥሎ ይገኛል። ጥንቁቅ ሠሪ ቾኩን ከመግጠሙ በፊት ምቶቹ የት እንዳሉ ይለካል፤ ጥቂት ዙር ቀንሶ ወይም የዙሩን ርቀት ለውጦ ከባንዶቹ ያርቃቸዋል።

ሌላው የባንድ መቀየሪያው ማብሪያ ነው። በ28 ሜጋኸርዝ ሲሠራ ከኮይሉ ጥቂት ዙር ብቻ ያስፈልጋል። የቀረው ክፍል ሥራ ፈትቶ ይንጠለጠላል። ያ ክፍል ራሱን ችሎ ከሞገዱ ጋር ከገጠመ፣ ማንም ባልጠበቀው የማብሪያው ጥግ ላይ ብልጭታ ይታያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥራ የፈታውን ክፍል የሚያገናኝ፣ ማለትም ሾርት የሚያደርግ ማብሪያ መጠቀም።

የእነዚህን ሁሉ ትልቁን ምስል ማየት የሚፈልግ ከጦር ኃይሎች በአየር ጤና አድርጎ ወደ ጅማ መንገድ ይሂድ። ጌጃ ላይ የኢትዮጵያ ሬዲዮ የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች አሉ። ጣቢያውን የተከለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነበር፤ ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌል በሚል ስም በየካቲት 1955 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመረ፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። ሁለት ማሠራጫዎቹ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ነበሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ኃይል የሚያወጡ ቫልቮች 10,000 ቮልት አካባቢ ይፈልጉ ነበር። ድምፁ በአኖዱ በኩል ሲጫን ይህ ቮልቴጅ በድምፁ ጫፍ ላይ በእጥፍ ያድጋል፤ የሞገዱ ውዝዋዜ ሲጨመርበት አራት እጥፍ ይቀርባል። 10,000ው 40,000 ሆነ ማለት ነው። በጠረጴዛው አምፕሊፋየር ያየነው ሒሳብ በ100 ኪሎዋትም አይለወጥም።

ሙቀትና የማታው ኮረንቲ

ስስ አየር ሌላም ዕዳ አለው። ቫልቮቹን የሚያቀዘቅዘው ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው አየር ግን ክብደቱ አንሷል። ባሕር ወለል ላይ የሚወስደውን ሙቀት ለመውሰድ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር መንፋት ይኖርበታል። 750 ዋት ሙቀት ለሚወጣበት ሳጥን ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ከዚያ የመብራቱ ጉዳይ ይመጣል። አምፕሊፋየሩ ከነክሩ ማሞቂያ ከግድግዳው 10 አምፔር ያህል ይወስዳል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ከ220 በአሥር በመቶ ቢወርድ፣ የአኖዱ 3,000 ወደ 2,700፣ የክሩ 5 ቮልት ወደ 4.5 ይወርዳል። አኖዱ ይህን ይታገሣል፤ ክሩ አይታገሥም። ለ3-500ዜድ የተፈቀደው ከ4.75 እስከ 5.25 ነው። ስለዚህ የክሩን ቮልቴጅ ከሶኬቱ እግሮች ላይ መለካትና ማስተካከል ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

ከጠፋ በኋላም

ይህን የሚያነብ ወጣት ሳጥኑን ለመክፈት እጁ ሳያሳክከው አይቀርም። ከዚያ በፊት አንድ ስሌት ይይዝ። በኃይል ማቅረቢያው ውስጥ በተከታታይ የተያያዙ ካፓሲተሮች ድምራቸው 25 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ በ3,000 ቮልት ላይ 112 ጁል ያጠራቅማሉ። የሆስፒታል ዲፊብሪሌተር ለአዋቂ ሰው የሚለቀው ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 360 ጁል ነው። ካፓሲተሮቹን የሚያራግፉት ሬዚስተሮች ጤነኛ ከሆኑ ማብሪያው ከጠፋ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ አደጋው ይወርዳል። ከመካከላቸው አንዱ ከተቃጠለ ግን፣ መሰኪያው ተነቅሎም ቢሆን ኃይሉ ለረጅም ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ይቆያል።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መሰኪያው ይነቀላል እንጂ ማብሪያውን በማጥፋት ብቻ አይታመንም። ከዚያ ይጠበቃል፣ መለኪያው ይታያል፣ መለኪያው ዜሮ ቢልም አይታመንም። ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ የተያያዘ፣ እጀታው ደረቅና ረጅም የሆነ ዘንግ የአኖዱን መሥመር ይነካል፤ ሥራው እስኪያልቅም እዚያው እንደተንጠለጠለ ይቆያል። ጫማ ይደረጋል፣ አንድ እጅ ኪስ ይገባል፣ ለብቻ አይሠራም። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ደግሞ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚገኘው ፈቃድ ነው።

ከከፍታ ጋር መስማማት

መፍትሔዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሳህኖቹ ይበልጥ የተራራቁበት ካፓሲተር መግዛት ነው፤ ይገዝፋል፣ ለማግኘትም ይቸግራል። ሁለተኛው በባዶ ብርጭቆ ወይም ሴራሚክ ውስጥ የታሸገ ካፓሲተር ነው፤ ውስጡ አየር ስለሌለ ለውስጡ ክፍተት ከፍታ አያስጨንቀውም፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሦስተኛው ምንም አያስገዛም፤ የአኖዱን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ ነው።

3,000ውን ወደ 2,200 እናውርደውና ኮረንቲውን እንዳለ እንተወው። የሞገዱ ጫፍ ከ2,500 ወደ 1,800 ይወርዳል፤ 2,250 የሚችለው ያው ካፓሲተር አሁን 450 ቮልት ይተርፈዋል። ከቫልቮቹ የሚወጣው ሙቀት ከ750 ወደ 570 ዋት ገደማ ስለሚቀንስ ፋኑም እፎይ ይላል። ኮይሉና ካፓሲተሮቹ ለአዲሱ ሁኔታ እንደገና መሰላት አለባቸው፤ የአኖዱ ጭነት ከ2,500 ወደ 1,800 ኦም ይለወጣልና።

የሚከፈለው ዋጋ ከ1,250 ዋት ወደ 900 መውረድ ነው። በወረቀት ላይ ከሩብ የሚበልጥ ኪሳራ ይመስላል። በአየር ላይ ግን 1.4 ዴሲቤል ብቻ ነው። በተቀባዩ ሬዲዮ የምልክት መለኪያ ላይ አንዱ ደረጃ 6 ዴሲቤል ስለሆነ፣ መርፌው ከአንድ ደረጃ ሩብ እንኳ አይወርድም። ቶኪዮ ወይም ሮም ሆኖ የሚሰማው አማተር ልዩነቱን አያውቀውም። ሠሪው ግን ያውቀዋል፤ በ900 ዋት የሚሠራ አምፕሊፋየር፣ በ1,250 ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ሳህኑ ከቀለጠው ይልቅ ብዙ አገር ያናግራል።